ሶራያሲስ መገጣጠሚያ ውስጥ የገባባችሁ፣ እስቲ አማክሩኝ

ሰላም ወገኖች፣ የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ሶራያሲሱ (የቆዳ በሽታው) ቆይቶብኛል፤ ዘንድሮ ግን መገጣጠሚያዬ ውስጥ ገባ። የቀኝ አመልካች ጣቴ ቋሊማ መስሎ አብጧል፣ ጥፍሬ በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል፣ ጠዋት ጀበና አንስቼ መቅዳት ያቅተኛል። ("ሪህ ነው" ብለው ሥጋ ያስተዉኝን ጎረቤቶቼን እግዜር ይይላቸው!)

ሐኪሜ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር አዘዘልኝ። ስድስት ወር ሞላኝ፤ ቆዳዬ ጠራ፣ ጣቴ ግን ያው ነው። አሁን "አዳሊሙማብ የሚባል መርፌ እንሞክር፣ መጀመሪያ የቲቢ ምርመራ" ተባልኩ። ምርመራው አያስጨንቀኝም። የጨነቀኝ ማስቀመጫው ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ የሰፈራችንን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያመጣችሁ በምን ይዛችሁት መጣችሁ? እብጠቱስ በስንት ጊዜ ጎደለላችሁ?