ዱሉዝ በዊንተር ማዘርን ይዞ መሄድ ያዋጣል?

የጣና_ልጅ፦
ሰላም የሚኒሶታ ልጆች። እናቴ ልታርሰኝ ከባህር ዳር ከመጣች ሁለት ወር አለፋት፣ እስካሁን ከቤተክርስቲያንና ከግሮሰሪ ውጪ ምንም አላየችም፣ መስኮት ላይ ቁጭ ብላ ፓርኪንጉን ስታይ ነው የምትውለው። ጣና ዳር ያደገች ሰው ናት። ባለፈው ሰፈራችን ያለውን ሀይቅ ላሳያት ወስጃት "ይሄ ሜዳ ነው፣ ውሃው የት አለ?" አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ መሀሉ ላይ ሰው መኪናውን አቁሞ በረዶ በስቶ አሳ ያጠምዳል። ታርጋችን ላይ 10,000 ሀይቅ ተብሎ ተጽፎ አንዱንም ውሃ ማሳየት አቃተኝ 😂 ዱሉዝ ከተማ ዳር ያለው ትልቁ ሀይቅ፣ ሌክ ሱፒሪየር፣ አይቀዘቅዝም የሚሉት እውነት ነው? በዚህ ጃንዋሪ ወደ ሰሜን መውጣት እብደት ነው ወይስ ያምራል?

ባለ_ትራኩ፦
እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ሂጂ! እኔ ጭነት ይዤ ሁሌ እመላለሳለሁ፣ ለኔ ሀይቁ ከበጋው ይልቅ አሁን ነው የሚያምረው። ጭራሽ አይቀዘቅዝም ማለት ግን አይደለም፣ በፈረንጁ 2014 ከ90 ፐርሰንት በላይ በረዶ ሆኖ ነበር፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሀሉ ክፍት ነው፣ ምክንያቱም ጥልቀቱ እስከ 406 ሜትር ይደርሳል፣ በጋ የጠጣውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፣ ንፋሱም እየመታ እንዳይረጋ ያደርገዋል። ስፋቱ የጣናን ከሃያ እጥፍ በላይ ነው በያት ለማዘር፣ ማዶው አይታይም።

ዋናው ነገር ቀኑን ምረጪ። ሰው ሞቅ ያለ ቀን ይጠብቃል፣ ስህተት ነው። ከዜሮ በታች 10፣ 15 ፋራናይት የሆነ ጠዋት ሂጂ፣ ያኔ ውሃው ከአየሩ ስለሚሞቅ ሀይቁ ሙሉ በሙሉ ይጨሳል፣ እንደተጣደ ድስት። ፀሐይ የምትወጣው ከሀይቁ በኩል ስለሆነ ጭሱ መጀመሪያ ሮዝ ከዛ ወርቅ ይሆናል። ጃንዋሪ ላይ የምትወጣው 8 ሰዓት ሊሆን ሲል ስለሆነ (በፈረንጁ ማለቴ ነው) በሌሊት መነሳት አያስፈልግሽም፣ ግን ከሚኒያፖሊስ በሃይዌይ 35 ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚፈጅ እዛው እደሩ።

ብርድ_ጠላቴ፦
ኧረ ሰው ምን ነካው፣ እኔ ቆሻሻ ለመጣል እንኳን ጸሎት አድርጌ ነው የምወጣው እናንተ ባልቴት ይዛችሁ ሰሜን ዋልታ ትሄዳላችሁ?? ዩቲዩብ ላይ አሳያት በቃ

ባለ_ካሜራዋ፦
@ብርድ_ጠላቴ አንተ ቤትህ ተቀመጥ 😄

የጣና ልጅ፣ ከዱሉዝ ወጣ እንዳልሽ ብራይተን ቢች የሚባል አለ፣ መኪናሽ ውስጥ ሆነሽ ሁሉ ይታያል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ንፋሱ ስስ በረዶውን ሰባብሮ ወደ ዳር ይገፋውና እንደ መስታወት ስብርባሪ አንዱ ባንዱ ላይ ይከመራል፣ ሰማያዊ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል። እኔን ግን የገደለኝ ድምፁ ነው፣ ሞተሩን አጥፊና መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርጊ፣ ልክ ጓዳ ውስጥ ብዙ የቡና ሲኒ ባንዴ ሲጋጭ የሚሰማው ዓይነት ነው። ጊዜ ካላችሁ በሃይዌይ 61 ቀጥሉና ስፕሊት ሮክን እዩት፣ በፈረንጁ 1905 ማዕበል ብዙ መርከብ ከተሰበረ በኋላ በ1910 ገደል ላይ የተሠራ የመርከብ መብራት ነው።

ሁለት ነገር ብቻ፦ በረዶው ላይ እንዳትወጡ፣ ሰው ቆሞበት ብታዪ እንኳን። ንፋስ ከዞረ ከዳር ተገንጥሎ ይሄዳል። ለማዘር ደግሞ ጫማዋ ላይ የሚታሰረውን ባለ ጥርስ ነገር ግዢላት፣ ድንጋዩ ሁሉ የበረዶ ቅባት የተቀባ ነው። ስልክሽን ብብትሽ ስር ያዢው፣ ብርድ ባትሪውን በአንዴ ነው የሚጨርሰው።

የጣና_ልጅ፦
ሄድን!! ባለቤቴና ህፃኑ ሆቴል ተኝተው እኔና እማዬ ብቻ በጠዋት ወጣን፣ እሷ ፓርካው ላይ ጋቢ ደርባ፣ ፔርሙዝ ሻይና ቆሎ ይዘን። ከዜሮ በታች 12 ነበር። ሀይቁን ስታየው ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ ብርዱ ነው ብዬ ደንግጬ ሂተሩን ስጨምር "ጢስ ዓባይ" አለች። ቀስ ብላ ብቻ። ልጅ እያለች አባቷ አንድ ጊዜ ወስዷት ነበር አሉ፣ ይሄን ታሪክ በሰላሳ ዓመቴ ገና መስማቴ ነው።

ከዛ አልሰማም ብላ ወረደች። የዓይኗ ሽፋሽፍት ነጭ ሆነ። ጓንቷን አውልቃ ጣቷን ነክራ ቀመሰችው፣ "ጨው የለውም እንዴ? እኔ ባህር መስሎኝ!" ድምፁን የነገርሽኝን ሰማን @ባለ_ካሜራዋ፣ እሷ ግን ሲኒ አይደለም፣ የቤተክርስቲያን ጸናጽል ነው አለች።

አሁን ችግራችን ሌላ ነው፣ እንደ መስታወት የሆነውን አንዱን ቁራጭ በፌስታል ጠቅልላ አምጥታ ፍሪዘር ውስጥ ከስጋው ጎን አስቀምጣዋለች፣ ማንም እንዳይነካው ብላለች።

ብርድ_ጠላቴ፦
እሺ የት ሆቴል ነው ያደራችሁት