የጎማ ዳዶ ጠፍቶብኝ መንገድ ላይ ቀርቻለሁ፣ መላ በሉኝ

ወገን፣ ቶሎ የምትመልሱልኝ ካላችሁ። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ ዳር ቪትዜን ይዤ ቆሜያለሁ። የፊት ግራ ጎማ ተንፍሷል። ዳዶዎቹ አልፈታ ብለው ነበር፣ ግን መኪናዋ ክሪክ ላይ ሳትወጣ በፊት መፍቻው ላይ ቆሜ በክብደቴ ስጫነው ሲጥ እያሉ ለቀቁ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ከዛ አራቱንም ፈትቼ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ባስቀምጣቸው፣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ እየበረረ አልፎ የጭቃውን ውሃ ሲረጨው ጠራርጎ ቦዩ ውስጥ ከተታቸው። ዋልካውን በእጄ ብዳብስ ብዳብስ አንድም የለም።

ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና "ከሌሎቹ ጎማዎች አንድ አንድ አትፈታም?" አለኝ። እውነቱን ነው እኮ! ከሦስቱ አንድ አንድ ብወስድ ለአራቱም ሦስት ሦስት ይደርሳቸዋል። ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው።

ግን በሦስት ዳዶ እስከ ጎሚስታ ድረስ ቀስ ብዬ ብነዳ ችግር አለው? ስኮርታዬ (መጠባበቂያ ጎማዬ) ቀጭኗ ናት፣ ከ80 በላይ አትንዳ የሚል ተጽፎባታል፣ እኔ ግን 30ም አላልፍም። ሌላው ደግሞ ክሪኩ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ መኪናዋ ተመልሳ ወርዳለች። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ግጥም አድርጌ አስደግፌያለሁ። ልጁ ከቤት ወፍራም ጣውላ አመጣልሃለሁ ብሏል፣ ክሪኩ ስር ባደርገው ይይዝልኛል ወይስ ይንሸራተታል? የሞከራችሁ ንገሩኝ፣ ዝናቡም እየመጣ ነው።