ሌሊት በማያውቅ ምድር ቅጠል መቼ ይቆረጣል?

ቀለም ቀንዷ ጠየቀች፦

ሦስት ወር ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ተቸንክሬ ቀርቻለሁ። ታሪኬ የሚካሄደው በሌላ ኮከብ ዙሪያ በምትዞር ምድር ላይ ነው። ጨረቃ ለእኛ አንድ ፊቷን ብቻ እንደምታሳይ ሁሉ፣ ይህችም ምድር አንድ ፊቷን ብቻ ወደ ኮከቧ አዙራ ትኖራለች። በአንዱ ወገን ቀኑ አይመሽም፣ በሌላው ሌሊቱ አይነጋም። ሰዎቼ የሰፈሩት በሁለቱ መካከል ባለው ቀጭን ቀበቶ ላይ፣ ፀሐያቸው ከአድማስ ጫፍ ንቅንቅ በማትልበት ቦታ ነው። ባለታሪኬ መድኃኒት ቀማሚ አሮጊት ናት።

መከረኛው ዐረፍተ ነገር ይኸው፦ «አሮጊቷ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ሰማያዊውን የዙራ ቅጠል ቆረጠች፤ አፍልታም ለታማሚው አጠጣችው።» ለወንድሜ ባነብለት ከት ብሎ ሳቀ። «ጎሑ ከየት መጣ? ፀሐይዋ ቆማለች ብለሽኝ አልነበረም?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ጎሕ ከሌለ አሮጊቷ የመቁረጫውን ሰዓት በምን ታውቃለች? «ዙራ» የሚለውን ስም ደግሞ ከአየር ላይ የቀጠፍኩት ስለሆነ አፍ ላይ አይቀመጥም። በዚያ ላይ፣ ዝናብ የነካው ደረቅ አፈር የሚሰጠውን ሽታ በአንድ ቃል የሚጠራልኝ አጣሁ። ፈረንጆቹ «ፔትሪኮር» ይሉታል፤ ይህን ቃል ግን በአሮጊቷ አፍ ውስጥ ማስገባት አልችልም።

«አስማት ነው በዪና እለፊው» የሚል ምክር ይቅርብኝ። አስማቱን ለመጨረሻው ምዕራፍ ቆጥቤዋለሁ።

ሙቀጫ መለሰ፦

ልጄ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት መድኃኒት ስመዝን ነው። እኔን ያሳቀኝ ጎሑ ሳይሆን «አፍልታ» የሚለው ቃል ነው። ደራሲ ቅጠል ካገኘ ማፍላት ብቻ ነው የሚታየው።

በአራተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቻይናዊው ጌ ሆንግ፣ ለሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት የጻፈው መድኃኒት አጭር ነው፦ አንድ እፍኝ ቅጠል በሁለት ሼንግ (የድሮ የቻይና መስፈሪያ ነው) ውኃ ዘፍዝፈህ ጭምቁን ጠጣ። አፍላው አላለም። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ቱ ዩዩ የምትባለው ተመራማሪ ከዚያው ተክል የወባ መድኃኒት ስትፈልግ ውጤቱ አንዴ ይሳካል፣ አንዴ ይከሽፋል። ያን የቆየ ጽሑፍ ደግማ ስታነብ «እሳቱ ይሆን የሚያጠፋው?» ብላ ጠረጠረች። በ1971 እ.ኤ.አ. ኤተር በተባለው ፈሳሽ መዘፍዘፍ ጀመረች። ኤተር በ35 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ብዙ ሙቀት ሳያስፈልግ ይተናል። መድኃኒቱ ተገኘ፤ አርቴሚሲኒን ይባላል። እርሷም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች።

እንግዲህ አሮጊትሽ ትዘፍዝፍ። ደቀ መዝሙሯ ደግሞ በችኮላ ያፍላው፤ ቅጠሉ ያው፣ መጠኑም ያው ሆኖ ታማሚው ይሙትበት። ምክንያቱ ለአንባቢው እስከ ምዕራፍ ሰባት ድረስ ባይገለጥ አልከፋም።

ሌላም ልጨምርልሽ። ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1785 ዲጂታሊስ ስለሚባለው አበባ መጽሐፍ አሳተመ። በልኩ ሲሰጥ ልብን ያበረታል፤ ትንሽ ሲያልፍ ያቆማል። መጠኑ እንደበዛ ከሚያሳብቁት ምልክቶች አንዱ ዓይን ላይ ይታያል፦ ነገሩ ሁሉ ቢጫ ይመስላል፣ መብራት ዙሪያ ቀለበት ይሠራል። ፀሐይዋ በቆመችበት አገር ታማሚው «ዙሪያዋን ቢጫ ቀለበት ከቧታል» ሲል፣ አሮጊቷ ጽዋውን ከእጁ ስትነጥቀው ይታይሽ።

ይህን ሁሉ ያልኩት ለልብ ወለድ ነው። ማንም ጓሮ ወርዶ እንዳይሞክር።

አድማስ ጠባቂ መለሰ፦

እህቴ፣ ጎሕሽን አትሰርዢው! ወንድምሽ የሳቀው ቸኩሎ ነው።

የምድሪቱ ምሕዋር ፍጹም ክብ ካልሆነና ትንሽ ሞላላ ከሆነ፣ ወደ ኮከቧ ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች። በራሷ ላይ የምትሽከረከርበት ፍጥነት ግን አይለወጥም። በዚህ ልዩነት ምክንያት ኮከቧ ሰማይ ላይ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ጨረቃችንም እንዲሁ ስለምትወዛወዝ ነው ከገጽዋ 50 በመቶውን ብቻ ማየት ሲገባን 59 በመቶ ያህሉን የምናየው።

በቀጭኑ ቀበቶ ላይ ለቆመ ሰው ይህ ምን ይመስላል? ፀሐይ ከአድማስ ብቅ ትላለች፣ ጥቂት ከፍ ትላለች፣ ከዚያ በወጣችበት በር ተመልሳ ትገባለች። ምሥራቁም ምዕራቡም አንድ ቦታ ነው! በ2016 እ.ኤ.አ. መገኘቷ የተነገረው ፕሮክሲማ ቢ የተባለች የሌላ ኮከብ ፕላኔት ኮከቧን በ11.2 ቀን ትዞራለች። የአንቺም ምድር እንደዚያ ከሆነች ጎሕ የሚቀደው በ11 ቀን አንዴ ነው። ለእነርሱ ዓመቱም ቀኑም ያው ነው። «ዕድሜሽ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቃትን እንግዳ አሮጊቷ ምን ብላ እንደምትመልስ ለማየት ጓጉቻለሁ።

ሰዓቱን ደግሞ ቅጠሉ ራሱ ይንገራት። ፈረንሳዊው ደ ሜራን በ1729 ቀን ቀን ቅጠሉን የሚዘረጋ፣ ሲመሽ የሚያጥፍ ተክል ጨለማ ውስጥ አስቀመጠ። ተክሉ ብርሃን ሳያይ መዘርጋትና ማጠፉን ቀጠለ። በውስጡ ሰዓት አለው ማለት ነው። የአንቺ ተክል የ11 ቀን ሰዓት ይኑረው፤ አሮጊቷ በተከደነ እንስራ ውስጥ አኑራ ቅጠሉን በጣቷ እየዳሰሰች ጎሑን ትጠብቅ።

የማይሆነው ሰማያዊው ነው። እንዲህ ያሉት ትንንሽ ኮከቦች «ቀይ» ይባሉ እንጂ ብርሃናቸው እንደ ደም አይቀላም፤ የድሮውን ባለ ክር አምፖል ይመስላል። ሰማያዊ ብርሃን በጣም ያንሰዋል፣ ስለዚህ ሰማያዊ ቅጠል ጠቆር፣ ደብዘዝ ብሎ ነው የሚታየው።

ዳለቻ መለሰ፦

ከቀለሙ ልጀምር፤ ስሜንም የመረጥኩት ለዚሁ ነው። ደራሲዎቻችን ቀለም ሲፈልጉ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ብለው ያበቃሉ። የአማርኛ የቀለም ሀብት ያለው ግን ከብትና ፈረስ ላይ ነው፦ ዳለቻ፣ ቡላ፣ ዳማ። «ዳማ ቅጠል» በዪ፤ ያን አምፖል መሳይ ብርሃን ሳታስረጂ አስገባሽው።

ስሙን በተመለከተ፣ «ዙራ» ምንም ስለማይሠራ ነው አፍ ላይ የማይቀመጠው። አማርኛ ተክልን በሥራው ይጠራል። ዳቱራ የሚባለውን ተክል «አስተናግር» ብሎታል። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። አንድ ቃል ብቻውን የሕመሙን ታሪክ ጨረሰው! አንቺም «ልብ አርጋ» ወይም «ትንፋሽ መልስ» ብትዪው አንባቢው መድኃኒቱን ሳታስረጂው ያምንሻል።

የሚታወቅ ስም ስትዋሺ ግን ተጠንቀቂ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዘፍጥረት 30 ላይ ሮቤል ከእርሻ ያመጣው «እንኮይ» በሌሎች ቋንቋዎች ማንድሬክ ነው፤ ሲነቀል ይጮኻል፣ የሰማውን ይገድላል ተብሎ የተፈራው ሥር። ተርጓሚዎቹን አልወቅስም። እኔ ግን በልጅነቴ እዚያ ጋ ስደርስ ምራቄን ነበር የምውጠው።

ሽታውን በሚመለከት፣ «ፔትሪኮር» ጥንታዊ ቃል እንዳይመስልሽ። በ1964 አውስትራሊያ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች «ድንጋይ» እና «የአማልክት ደም» የሚሉ የግሪክ ቃላት አጋጥመው የሠሩት ነው። የእኛ አፍንጫ ቃላት ከዚያ አያንሱም፦ ሽታ፣ መዓዛ፣ ክርፋት፣ ቅርናት፣ ግማት፣ ጠረን። ከእነዚህ ውስጥ ጠረን የሥጋ ነው፤ የሕፃን ጠረን፣ የእናት ጠረን እንላለን። ለምድር ስጪው፣ አፈሩ ገላ ይሆናል። ደግሞም ከዚያ ሽታ ውስጥ ጂኦስሚን የተባለውን ክፍል የሚሠሩት አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስለሆኑ፣ የሕያዋን ጠረን ብትዪው ሐሰት የለበትም።

ቀለም ቀንዷ መለሰች፦

ጋሼ ሙቀጫ፣ ደቀ መዝሙሩን ዛሬ ማታ እገድልበታለሁ፤ ታማሚውን ማለቴ ነው። ለሁላችሁም እጅ ነሥቻለሁ። እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

«በእንስራው ውስጥ ቅጠሎቹ ሲዘረጉ በጣቶቿ ተሰማት። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ፀሐይ በዚያችው በር ብቅ ልትል ነው። ወጣች። ካፊያ ነክቶት ነበርና ምድሩ ጠረኑን ለቋል። ጎንበስ ብላ ዳማውን ትንፋሽ መልስ ቆረጠች፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥም ዘፈዘፈችው።»

ወንድሜ ሲያነበው አልሳቀም። «አሥራ አንድ ቀን» የሚለውን ግን አሮጊቷ በምን ቆጠረችው አለኝ፤ ቀን የላቸውማ። እርሱን ነገ አስብበታለሁ።

ሙቀጫ መለሰ፦

ወንድምሽን አመስግኝው፤ አንባቢ ማለት እርሱ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ቀረች፦ የሚቆረጠው ግንድ ነው። ቅጠል ይበጠሳል፣ ይቀነጠባል። ርእስሽም ላይ አርሚው።