ልጄ የኩላሊቱን መድኃኒት እየደበቀ ነው

የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ልጄ በ9 ዓመቱ የአባቱ ኩላሊት ተተከለለት፤ አሁን 14 ሞላው። ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳያጠቃ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉ መድኃኒቶች ይወስዳል። አምስት ዓመት ሙሉ ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ቆሻሻ) ከ0.8 ንቅንቅ አላለም። ባለፈው ወር 1.3 ገባ፤ ደሙ ውስጥ ያለው ታክሮሊመስም ወርዷል። ፍራሹን ሳነሳ 11 ክኒን አገኘሁ። «ፊቴን ያሳብጠዋል፣ ከክፍሉ አጭሩ እኔ ነኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ፕሬድኒሶሎን ሁለቱንም ያደርጋል። ሐኪሙም፣ መድኃኒቱን ካቋረጠ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ እንደሚያጠቃው ነግሮታል። ስልኩ ላይ አላርም ሞላሁ፤ ያጠፋዋል። አባቱ ተቆጣው፣ ጭራሽ ባሰበት። እፊቴ ዋጥ ስለው ደግሞ ምላሱ ሥር ያስቀረዋል። በዚህ ዕድሜ መድኃኒት እምቢ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ሳትጣሉ ራሱ እንዲወስድ ያደረጋችሁት እንዴት ነው?