የፖፕ ዘፋኝ ቴክኒክ በምን ይመዘን? (ክርክር)

ዜማ ወዳድ፦
ስለ ፖፕ ዘፋኞች የድምፅ ችሎታ ስንነጋገር ነገሩ «እኔ የምወዳት ትበልጣለች» ከሚል ጭቅጭቅ አያልፍም። እኔ ግን መለኪያ አለ ባይ ነኝ። የድምፅ ስፋት፣ ማለትም ከዝቅተኛው ኖታ እስከ ከፍተኛው ያለው ርቀት፣ ኦክታቭ በሚባል መለኪያ ይቆጠራል። ኖታው መመታቱም ሆነ መሳቱ ይታወቃል። ዘፋኙ ከፍ ያለውን ኖታ ስንት ሰከንድ እንደያዘው በሰዓት ይለካል። ማራያ ኬሪ (በአውሮፓ አቆጣጠር) በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፉጨት በሚመስለው ድምፅዋ የወጣችበትን ከፍታ አብዛኛው ዘፋኝ በሕልሙም አይደርስበትም። ታዲያ ይህን የሚችልና የማይችል በቴክኒክ እኩል ናቸው? ስሜት ሌላ፣ ችሎታ ሌላ። ዘፋኞችን በድምፅ ስፋትና በኖታ አያያዝ በደረጃ መደርደር ይቻላል፤ ተገቢም ነው። የምትቃወሙ ምክንያታችሁን አምጡ።

የድምፅ አስተማሪዋ፦
ወንድሜ፣ ፒያኖ ተጫዋችን በጣቱ ርዝመት ትመዝነዋለህ? ኦክታቭ መቁጠር ከዚያ ብዙም አይለይም። የድምፅ አውታሮች በአዋቂ ወንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በሴት ደግሞ ከዚያ የሚያጥሩ ሁለት እጥፋቶች ናቸው። ርዝመታቸውን ማንም በልምምድ አላመጣውም። ልምምድ የሚያመጣው አጠቃቀማቸውን ነው።

አዲስ ተማሪ ሲመጣልኝ ከፍተኛ ኖታውን አልጠይቀውም። ለድምፁ በሚመቸው መካከለኛ ቦታ አንድ ኖታ ብቻ እንዲይዝልኝ፣ በስስ ድምፅ ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲያጎላው፣ ከዚያም በዚያው ትንፋሽ መልሶ እንዲያሳንሰው እጠይቀዋለሁ። ጣልያኖቹ ሜሳ ዲ ቮቼ ይሉታል። ማጉላቱ ብዙዎችን አያስቸግርም። ጉዱ የሚወጣው በመልሱ መንገድ ላይ ነው። አገጭ ሽቅብ ይነሣል፣ የአንገት ሥር ይገተራል፣ ኖታው ዝቅ ዝቅ ማለት ይጀምራል፣ ወይም ድምፁ ድንገት ተሰብሮ አየር ብቻ ይቀራል። አውታሮቹ ሳይላቀቁ አየሩን መቀነስ የትንፋሽና የጉሮሮ ስምምነት ይፈልጋል። በጣም ሰፊ ድምፅ ኖሮት ያችን አንዲት ኖታ በሰላም መመለስ ያቃተው ልጅ አስተምሬአለሁ። በአንተ ሠንጠረዥ እሱ አንደኛ ይወጣ ነበር።

ከመቅረጫ ክፍል፦
ከዚያ በፊት የምትመዝኑት ድምፅ የማን እንደሆነ እንነጋገር። ሥራዬ ድምፅ መቅረጽ ነው። ዘፋኙ አንዱን ዘፈን አሥራ አምስት፣ ሃያ ጊዜ ይዘፍነዋል፤ ከዚያ እኔ ተቀምጬ እሰፋዋለሁ። በቅርቡ በጨረስኩት አንድ ዘፈን ውስጥ፣ በአንዲት መስመር ብቻ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቃላት ከ4ኛው ቅጂ የተወሰዱ ናቸው። የሚቀጥለው ቃል ከ11ኛው ነው፤ የመጨረሻው ቃል ማሳረጊያ ደግሞ ከ7ኛው። በመካከል የነበረውን ትንፋሽ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ። የሚሰማው ሰው «እንዴት ያለ ሳንባ ነው!» ይላል። እንዲህ ያለ ሳንባ ግን የለም።

ኖታ የሚያርመው ኦቶቲዩን የተባለው ፕሮግራም ገበያ ላይ የዋለው በ1997 ነው። የፈለሰፈው ሰው ቀድሞ ነዳጅ ለማሰስ ከመሬት ውስጥ የሚመለሰውን ሞገድ ሲተነትን የኖረ መሐንዲስ ነበር፤ ያንኑ ሒሳብ ወደ ሰው ድምፅ አመጣው። «እንግዲያውስ ከመድረክ የተላለፈውን ብቻ ልመዝን» ትል ይሆናል። ፕሮግራሙ መድረክ ላይም ይሠራል። ዊትኒ ሂውስተን በ1991 በሱፐር ቦውል፣ በአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ፣ ላይ የዘመረችው የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር እስከ ዛሬ ለቴክኒክ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ያን ቀን ሕዝቡ የሰማው ግን አስቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸውን ድምፅዋን ነበር። ድምፁ የራሷ ነው፤ ድንቅም ነው። ነገር ግን «በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል እንዴት ያለ ቁጥጥር!» ብሎ የሚጽፍ ገምጋሚ ያልተፈጸመ ነገር እየገመገመ ነው።

የኦፔራ ወዳጅ፦
ለዚህ እኮ ነው ትክክለኛው ሚዛን ክላሲካል አዘፋፈን ነው የምለው። የኦፔራ ዘፋኝ ያለ ማይክሮፎን ሙሉ ኦርኬስትራን አልፎ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሰማል። ይህ ከጩኸት አይመጣም። የጉሮሮውን ቅርጽ አስተካክሎ የድምፁን ጉልበት በሰከንድ 3000 ንዝረት አካባቢ ያከማቸዋል፤ ያ ቦታ የኦርኬስትራው ድምፅ የሚሳሳበት፣ የሰው ጆሮ ግን ንቁ የሆነበት ነው። ማይክሮፎኑን ብንነጥቃቸው ከፖፕ ዘፋኞች ስንቱ ይተርፋል?

የድምፅ አስተማሪዋ፦
ያሉት ስለ ኦፔራ እውነት ነው፤ እኔም የተማርኩት በዚያው መንገድ ነው። ለፖፕ ዘፋኝ ግን ማይክሮፎኑ የመሣሪያው አካል ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ የኤሌክትሪክ ቀረጻ ሲመጣ እነ አሜሪካዊው ዘፋኝ ቢንግ ክሮዝቢ ጆሮ ሥር እንደሚያወራ ሰው መዝፈን ቻሉ። ሙያው ያኔ ተለወጠ። ትንፋሽ የተቀላቀለበት ድምፅ በኦፔራ ጉድለት ነው፤ አዳራሹን አያልፍማ። በፖፕ ግን አንድ ቀለም ነው።

ሻካራነትም እንዲሁ። በ2016 የኩዊን ባንድ ዘፋኝ የነበረውን የፍሬዲ መርኩሪን ቅጂዎች የመረመሩ ተመራማሪዎች ቪብራቶው፣ ማለትም ኖታ ሲይዝ የሚሰማው የድምፁ መርገብገብ፣ ከተለመደው ፈጠን ያለ መሆኑን ጽፈዋል። በሻካራው ድምፁ ውስጥ ደግሞ ከአውታሮቹ በላይ ያሉት፣ በተለመደው አዘፋፈን ሥራ የማይገቡት እጥፋቶች አብረው እንደሚርገበገቡ የሚጠቁም ምልክት አግኝተዋል። በክላሲካል ሚዛን ይህ ስሕተት ተብሎ ቀይ ምልክት ይደረግበት ነበር። እኔ ዘፋኙን የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ያንን ሻካራነት አሁን አጥፋልኝ፣ አሁን ደግሞ መልሰው። ሲፈልግ አምጥቶ ሲፈልግ ከተወው ቴክኒክ አለው። መተው ካቃተው ግን ያ ድምፅ ልማድ ሆኖበታል፤ ምንም ያህል ቢያምር።

ተራ አድማጭ፦
የጃዝ ዘፋኟን ቢሊ ሆሊደይን ማንም ስላላነሣት ላንሣት። የድምፅዋ ስፋት ጠባብ ነበር፤ በኦክታቭ ሠንጠረዥ መጨረሻ አካባቢ ትገኛለች። ከምቱ ጥቂት ዘግይታ ገብታ ሐረጉን እንዴት እንደምትጨርሰው ግን ስሙ። ጊዜን እንደዚያ መያዝ ቴክኒክ ካልሆነ ምን ልንለው ነው?

የቀድሞ ዘፋኝ፦
እኔ በሙያው ለዓመታት ቆይቼ ስለተውኩት ይህን ክርክር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከእኔ ጋር ይሠራ የነበረ አሠሪ ከፍታ ላይ ስደርስ «ጨምሪበት» ይለኝ ነበር። ጨመርኩበት። ሕዝቡ ከመቀመጫው የሚነሣው በዚያች ኖታ ላይ ነበር። ጠዋት ስነቃ ድምፄ እስከ ቀትር አይከፈትም። ኋላ ሐኪሙ በቀጭን ካሜራ ጉሮሮዬን እያየ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። በሁለቱ አውታሮች መካከል፣ ትይዩ ሆነው፣ እንደ እጅ መጅ የጠነከሩ ሁለት ትናንሽ እብጠቶች አሉ። አውታሮቹ ሲዘጉ መጀመሪያ የሚነካኩት እነሱ ናቸው፤ ከፊታቸውና ከኋላቸው አየር ይወጣል። ተመልካቹ «ትንፋሽ ያለው ለስላሳ ድምፅ» እያለ የወደደልኝ ያንን አየር ነበር።

ስለዚህ የእኔ መለኪያ አንድ ነው፤ ዛሬ ያደረገውን ነገ ማታ መድገም ይችላል ወይ? አዴል በ2011 በድምፅ አውታሯ ላይ ደም ፈሶ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ በየካቲት 2012 ተመልሳ በግራሚ የሙዚቃ ሽልማት መድረክ ዘፈነች፣ ስድስት ሽልማትም ወሰደች። በ2017 ግን ድምፅዋ እንደገና ተጎድቶ በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም የቀሩትን ሁለት ኮንሰርቶች ሰረዘች። እንዲህ የምትወደድ ዘፋኝ ቴክኒክ ችግር አለበት ማለት ለምን ነውር ይሆናል?

የድምፅ አስተማሪዋ፦
እህቴ፣ የደረሰብሽን ሳነብ ልቤ ተነክቷል፤ ያ አሠሪ የጠየቀሽ ሥራ ሳይሆን ጉዳት ነበር። በአዴል ላይ ግን አልስማማም። ጉዳት ብቻውን የቴክኒክ ማስረጃ አይሆንም። በጉንፋን ላይ የተዘፈነ አንድ ምሽት፣ እንቅልፍ የሌለው የጉዞ ፕሮግራም፣ አንድ ኃይለኛ ሳል እንኳ አውታርን ሊያደማ ይችላል። ጁሊ አንድሩስ ከልጅነቷ የሠለጠነች ዘፋኝ ናት፤ የዘፈን ድምፅዋን ያጣችው በ1997 ከተደረገላት የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና በኋላ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ጉሮሮውን በግፍ እየተጠቀመ አርባ ዓመት የሚዘልቅ አለ፤ አውታሩ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ። ጎረምሶቹ እሱን እያዩ ይጎዳሉ።

የቀድሞ ዘፋኝ፦
ያ አርባ ዓመት የዘለቀው ሰው ያስቆጣኛል፤ ግን እውነትዎን ነው። ከአንድ ጉዳት አልፍርድ። ሦስት ጉዳት ካየሁ ግን እጠይቃለሁ።

የድምፅ አስተማሪዋ፦
መጠየቅማ መብትሽ ነው።

ዜማ ወዳድ፦
ደረጃ መደርደሩን ትቻለሁ። ኖታ መሳት ግን ይለካል የሚለውን አልተውም፤ የሳተ ስቷል። መምህርት በሚሉት መንገድ አንዲት የምወዳትን ዘፋኝ ልፈትሽ ብዬ ያንኑ ዘፈኗን በተለያዩ ዓመታት ከተዘፈኑ ሦስት የመድረክ ቅጂዎች ሰማሁ። ከፍታው በሦስቱም አለ። ያስገረመኝ ሌላ ነው። ከመጨረሻው ረጅም ሐረግ በፊት በነበረው ቃል መካከል ትተነፍሳለች፤ ቃሉ ለሁለት ይከፈላል። አልበሙ ላይ ይህ የለም። ድክመት ነው ወይስ ምርጫ?

ከመቅረጫ ክፍል፦
አልበሙ ላይ የሌለው እንደ እኔ ያለ ሰው ቆርጦት ሊሆን ስለሚችል እሱን ማስረጃ አታድርገው።

የድምፅ አስተማሪዋ፦
የምትተነፍሰው በሦስቱም ላይ በዚያው ፊደል ነው? ከሆነ አስባበታለች። ቦታው እየተቀያየረ ከሆነ ግን አየር እያለቀባት ነው። መልሰህ ስማውና ንገረን።

ዜማ ወዳድ፦
በሁለቱ ላይ አንድ ነው። በሦስተኛው፣ በቅርቡ በተዘፈነው፣ ሁለት ቃል ቀድሞ መጣ።