ቪኤሙ ወደ አዲሱ ሰርቨር ሄደ፣ ወደ አሮጌው ግን አልመለስ አለ

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ፋብሪካ ሁለት የፕሮክስሞክስ (ቪኤም፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር፣ የሚያስተዳድር ሲስተም) ሰርቨር አለው። አንዱን ወደ 8 አሳደግኩት፣ ሌላው 7.4 ላይ ነው። የደመወዙን ቪኤም (ኡቡንቱ ነው) ሳላጠፋ ወደ አዲሱ አሻገርኩት፤ ሒሳብ ክፍል ማንም አልነቃም። ማታ አጥፍቼ አስነሣሁት፣ ሰላም ነው። አሁን አዲሱ ላይ ራም ልጨምር ብዬ ወደ አሮጌው ልመልሰው ስል «የማሽኑን ዓይነት አላውቀውም» ብሎ እምቢ አለ። ሲሄድ ዝም ያለው ሲመለስ ምን ነካው? ደመወዝ በ30 ነው፣ አለቃዬ ከአሁኑ በር በሩን ያያል።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦
አብሽር፣ የተበላሸ ነገር የለም። ኪውኢሙ (ፕሮክስሞክስ ውስጥ ቪኤሙን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ቃል የገባው ከአሮጌ ስሪት ወደ አዲስ ብቻ ነው። ቪኤም ሲነሣ «ፒሲ-አይ440ኤፍኤክስ-7.2» የሚል የማሽን ዓይነት ስም ይይዛል፣ መጨረሻው የኪውኢሙ ስሪት ነው፤ ለውስጡ ሲስተም የሚታየውን ሃርድዌር የሚቆልፈው እሱ ነው። አዲሱ ኪውኢሙ የቀድሞዎቹን ስሞች ይዞ ስለሚወጣ ሲሄድ አወቀው። ማታ አጥፍተህ ስታስነሣው ግን፣ ስሪት አልቆለፍክለትም መሰለኝ፣ የአዲሱን ስም ያዘ፤ ምናልባት 9.2ን። አሮጌው ሰርቨር ላይ ያለው ኪውኢሙ 7.2 ከእሱ በኋላ የመጣውን ከየት ይወቀው?

የቦርከና ልጅ፦
ባላጠፋው ኖሮ ይመለስ ነበር ማለት ነው?

ጦሳ ሥር፦
ይመለስ ይሆናል፤ ዋስትና ግን የለህም። ስሙን ቢያውቀውም አዲሱ የሚልከው የመሣሪያ መረጃ ላይ የማያውቀው ነገር ካገኘ መሐል ላይ ይጥለዋል። ደግነቱ ዝውውሩ ሲከሽፍ ቪኤሙ በነበረበት መሥራቱን ይቀጥላል። ከአዲስ ወደ አሮጌ መመለስን የሚያስተማምን ካሻህ የሚከፈልበት ድርጅት ፈልግ፣ በነፃ እየተጠቀሙ ማማረር ደግሞ አይመቸኝም።

ሐይቅ ዳር፦
አጥፍተህ ውሰደው እንጂ! ጠፍቶ ሲሄድ የሚሄደው ዲስኩና ሴቲንጉ ነው፣ የራሙ ይዘት አይደለም። እዚያ ሲነሣ 7.2ን ይይዛል። ከውስጥ ሪስታርት ማድረግ ግን አይበቃም፣ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። የሲፒዩው ሴቲንግ «ሆስት» (የሰርቨሩን ፕሮሰሰር እንዳለ ለቪኤሙ የሚያሳይ) ከሆነም ቀይረው፤ ሁለቱ ሰርቨሮች ፕሮሰሰራቸው ካልተመሳሰለ ሳይጠፋ መዛወሩ አይታመንም።

ጦሳ ሥር፦
ልክ ነው። ራሙ ከገባ በኋላ ሁሉንም ወደ አዲሱ አሻግርና 7.4ን አሳድገው፣ ድጋፉ በ2024 እ.ኤ.አ. አልቋል። የማሽን ስሪትም ዘላለማዊ አይደለም፦ በአሁኑ ደንብ 3 ዓመት ሲሞላው «ሊሰረዝ ነው» ይባላል፣ በ6 ዓመቱ ከኪውኢሙ ይሰረዛል።

የቦርከና ልጅ፦
ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ቢሮው ባዶ ነው፣ ያኔ አጠፋዋለሁ። አላህ ይስጥልኝ።