«ልዎሽ»ን ምን ብዬ ልተርጉመው?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገን። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አስተርጓሚ ነኝ። ቻይናዎቹ ስብሰባ ላይ ከአፋቸው የማይለዩት ግሥ አለ፦ «ልዎሽ»። መዝገበ ቃላቱ «ተግባራዊ ማድረግ» ይለዋል። «ቸ ሃይ መይ ልዎሽ» ሲሉ ግን «መኪናው ገና ተግባራዊ አልሆነም» አይባል ነገር። «መፈጸም» ተብሎ ከሚተረጎመው ከ«ጅሺንግ»ስ በምን ይለያል?

መልስ፦
አብሽር፣ ግራ ያጋባህ አንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ስለፈለግህለት ነው። «ልዎ» መውደቅ፣ ማረፍ ነው፤ «ሽ» ደግሞ ጠጣር፣ እውነተኛ። በወሬ ወይም በወረቀት የነበረ ነገር መሬት ሲይዝ «ልዎሽ» ይባላል።

መጀመሪያ ስለምን እንደተነገረ እይ። ፖሊሲ፣ ዕቅድ ወይም የስብሰባ ውሳኔ ከሆነ የቢሮው አማርኛ ራሱ አለልህ፦ «መሬት ማውረድ»። መኪና፣ ገንዘብ፣ ቀን ወይም የሰው ብዛት ከሆነ «ቁርጡ ታወቀ» ነው። ያንተው ዓረፍተ ነገር እንግዲህ «የመኪናው ነገር ገና ቁርጡ አልታወቀም» ይሆናል። ከደረቅ ወደቡ ኮንቴይነር የሚያወጣው መኪና ገና አልተያዘም ማለት ነው እንጂ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቅለት «ዘረን ልዎሽ ዳው ረን» ነው፤ ቃል በቃል «ኃላፊነት እስከ ሰው ይውረድ» ማለት ነው። «ኃላፊነት ይተግበር» ብለህ ካለፍክ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ይወጣል፣ ሥራውን የሚይዝ ግን አይኖርም። አለቃው የሚጠብቀው ስም ነው። «እያንዳንዱ ሥራ ባለቤት ይኑረው፤ ማን ምን እንደሚይዝ በስም እንለይ» በል። አንተ በቻይንኛ ስትናገረው ተደራጊውን ከግሡ በፊት የሚያመጣው «ባ» ይቀድማል፣ ከዚያ ሥራው፣ ከዚያ «ልዎሽ ዳው»፣ መጨረሻ ላይ ተረካቢው ሰው ወይም ክፍል።

«ጅሺንግ» ትእዛዝን፣ ውልን ወይም የፍርድ ውሳኔን እንደተጻፈው መፈጸም ነው። ለመኪናው አይሆንም።

መልስ፦
አሉታው ላይ ልጨምር። «መይ ልዎሽ» ገና አልሆነም ነው፤ ማንንም አይነካም። ስለ ውሳኔ ወይም መመሪያ ሲወራ «ቡ ልዎሽ» ካልክ ግን ሆን ብሎ ችላ ማለት ስለሚመስል ወቀሳ ይሆናል። ተሞክሮ የማይሳካ ከሆነ «ልዎሽ ቡ ልያው» በል። ቃናውንም ጠብቅ፦ «ልዎ» 4ኛ፣ ቁልቁል፤ «ሽ» 2ኛ፣ ሽቅብ።

መልስ፦
«ሺን ሊ ቡ ልዎሽ» ስትሰማም አትደንግጥ። እዚያ ቅጽል ስለሆነ ወቀሳ የለበትም፤ «ልቤ አላረፈም» ማለት ነው። የአካባቢ አነጋገር ስለሆነ ግን ደብዳቤ ላይ አታስገባው፤ በመደበኛው ቻይንኛ «ታሽ» ነው የሚባለው።